በእማዬ ጉበት ውስጥ ያደረው እንግዳ

— ሄሎ? … አቤት፣ ማን ልበል? … አልሰማም፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል፤ ትንሽ ጮክ ይበሉ… ማን? … ጋሼ?! ጋሼ አንተ ነህ? … ውይ በሞትኩት! የት ጠፍተህ ነው? ሁለት ሳምንት እኮ ነው! "በረሃው ውስጥ ኔትወርክ የለም" ብለኸኛል፣ አዎ፣ ግን ሁለት ሳምንት? … ይሄ የማን ስልክ ነው? … የሰው? … እሺ፣ በኋላ ትነግረኛለህ።

— አለች። … አለች እልሃለሁ! አልሞተችም። … ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ልማልልህ? እማዬ አለች። እዚሁ ናት፣ አልጋዋ ላይ፤ በበሩ መስታወት እያየኋት ነው። … (አይ ሲስተር፣ አልሄድም፣ ኮሪደሩ ላይ ነኝ። ወንድሜ ነው። አዎ፣ የጠፋው።)

— ሆስፒታል ነን። … አዎ፣ ሆስፒታል። አራተኛ ፎቅ። … ቆይ አትቆጣ። መጀመሪያ ስማኝ፣ ከዚያ እንደፈለግህ ትቆጣለህ። … ያልከውን አውቃለሁ። "ሐኪሙ የጉበት ካንሰር ነው፣ ጊዜው አልፏል፣ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት ብሏል። በአልጋዋ ላይ በሰላም ትሰናበት፤ ማንም በመርፌ እንዳይነካት" ብለኸኝ ነው የሄድከው። ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ግን መኪናህን አስነስተህ ከሄድክ በኋላ የሆነውን አንተ አታውቅም።

— በነጋታው ነው የጀመራት። ቁርስ ይዤ ስገባ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ከሳምንት በላይ ያለ ደጋፊ ቁጭ ማለት ያቃታት ሰው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ። በግራ እጇ ጆሮዋን ይዛለች። በቀኝ እጇ ብርድ ልብሱን ትቆነጥራለች… ከዚህ ትነቅላለች፣ እዚያ ትሰካለች። ትነቅላለች፣ ትሰካለች። … ገባህ አይደል? … አዎ! ማዞሪያው! ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠችበት የስልክ ማዞሪያ። "አቤት፣ ማን ልበል? … ይጠብቁ… ያነጋግሩ።" በዚያ በሥራ ድምፅዋ። ልጆች ሆነን ስንደውልላት "ይሄ የሥራ ስልክ ነው" ብላ ትዘጋብን የነበረበት ድምፅ፣ ትዝ ይልሃል? ልክ እሱ።

— እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? "ዛሬ ሥራ በዝቷል እማዬ?" አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ ተተክሎ… ከዚያ ማንን ከማን እንደምታገናኝ መስማት ጀመርኩ። … አባባን። አባባን ከታላቅ እህቱ ጋር። ያንን ከላይ ቤት የነበረውን ሰዓት ሠሪ ከሚስቱ ጋር። ሥራ ቤት የነበረች አንዲት ጓደኛዋን፣ ያቺን በወሊድ የሄደችውን፣ ከእናቷ ጋር። … ጋሼ፣ ሁሉም የሞቱ ናቸው። አንድም በሕይወት ያለ ሰው የለበትም። ሙታንን ነበር እርስ በርሳቸው የምታነጋግረው። ትንሽ ታዳምጥና "ጨርሰዋል?" ትላለች። ትነቅላለች። ሌላ ትሰካለች።

— እንቅልፍ? ምን እንቅልፍ አለ! ትንፋሿም ተለወጠ። … እንዴት ልበልህ… ጣፈጥ ያለ ሽታ። ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የሰነበተ ፍራፍሬ ዓይነት። በሦስተኛው ቀን እኔኑ "አንቺ ማነሽ? ሠራተኛ ያልሆነ ሰው እዚህ መግባት ክልክል ነው" ስትለኝ በቃኝ። ልብስ ስፌቱን ዘጋሁ፣ የሰው ሙሽራ ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ እንደተሰካ፣ ታክሲ ጠራሁ፣ አመጣኋት። … አዎ፣ ብቻዬን። ሰዓት ሠሪውን ልጥራ ነበር?

— ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ አጭር፤ ነርሶቹ በሌለችበት "ሚጢጢዋ" ይሏታል። እኔም ለመድኩ። "እማማ፣ እጅዎን እንዲህ ይዘርጉ፣ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ" አለቻት። ዘረጋች። ጋሼ፣ እጆቿ… ጣል ይላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ጣል፣ ቀና። ክንፍ። የሌላ ሰው ክንፍ ተውሳ የታቀፈች ነው የመሰለችኝ። ሚጢጢዋ ዞር ብላ አየችኝና፣ "ይሄ እብደት አይደለም። ጉበት የደም ማጣሪያ ነው፤ ማጣሪያው ሲያቅተው ቆሻሻው ወደ አንጎል ይወጣል። እናትሽን የሚያናግሯት ሙታን አይደሉም፣ ጉበቷ ነው" አለችኝ። … ማጽናናቷ ነበር እኮ። እኔን ግን ይበልጥ ብርድ ብርድ አለኝ። ጉበቷ ነው የሚያናግራት! … ሆድ የሚያጥብ ሽሮፕ ሰጧት። ትንሽ ረጋ አለች እንጂ አልተወችም።

— ከዚያ የበፊቱን ሐኪም ወረቀት አገላብጣ አየች። "ጉበቷ ላይ እብጠቶች አሉ፣ እውነት ነው። ግን የጉበት ካንሰር ነው ያለው ማነው?" አለች። … እንዲህ ነው ያለችው! "ጥላውን ነው ያዩት፤ ሥጋውን ማንም አላየም።" የጉበት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በቆሰለ፣ ጠባሳ በሞላው ጉበት ላይ ነው የሚወጣው አለችኝ። የእማዬ ጉበት ጠባሳ የለውም። የጉበት ቫይረስም የለባትም። ለጉበት ካንሰር የሚጠቁመው የደም ምርመራ ንጹሕ ነው፤ ሌላ አንድ ነገር፣ ስሙን አልያዝኩትም፣ እሱ ግን ከልኩ አምስት እጥፍ ወጥቷል። "ማታ ማታ ትኩሳት ነበራት? አንሶላ የሚያርስ ላብ? ልብሷስ ሰፍቷት ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ያጠበብኩት እኔ ነኝ አልኳት። ወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ከዚያ "ናሙና ሳልወስድ ምንም ልልሽ አልችልም" አለች።

— … አዎ። በመርፌ።

— ጋሼ? … ጋሼ ትሰማኛለህ? … ፈረምኩ። እኔ ነኝ የፈረምኩት። … አዎ፣ ሳልጠይቅህ! የት አግኝቼህ ልጠይቅህ? … "ከተነካ ይሠራጫል፣ ከተነካ ይሠራጫል"… ማነው ያለህ? … የጋራዡ ሰውዬ? የጋራዡ ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው ጉበት የሚፈታው? … እኔም ፈርቼ ነበር እኮ! ፊርማዬ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ጉበቷ ስለደከመ ደሟ ቶሎ አይረጋም፣ ውስጥ ለውስጥ ልትደማ ትችላለች አሉኝ። ደም የሚያረጋ መድኃኒት ሲሰጧት ሰነበቱ። … ጋሼ፣ መሞቷ ብቻ አይደለም ያስፈራኝ። ምን እንደገደላት ሳናውቅ መሞቷ ነው። ይኸው። አሁን ስደበኝ። … ስደበኝ እንጂ፣ ዝም አትበል። ሰሞኑን ዝምታ አልወድም።

— … እሺ። እሺ፣ ልንገርህ።

— ናሙናውን ሰኞ ነው የወሰዱት። እጇን እንድይዝ አስገቡኝ። መብራቱን አጥፍተው ነው የሚሠሩት፤ የአልትራሳውንዱ ስክሪን ብቻ ይበራል። ጉበቷን አየሁት። … ግራጫ ነው። ጭጋግ የመሰለ። በጭጋጉ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ክብ ነገር… መስኮት የሌላቸው ቤቶች ይመስላሉ። መንደር ሙሉ። መርፌው ሲገባ እንደ ነጭ መስመር ይታያል። ልክ ጥቁሩን ሲነካው፣ እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላለችው እማዬ፣ በዚያ በሥራ ድምፅዋ "ይቅርታ፣ መስመሩ ላይ ሰው ገብቷል" አለች። … አትሳቅ! መርፌውን የያዘው ሐኪም እጁ ባለበት ቀረ። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልሳቀም።

— ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ያወረድኩት እኔው ነኝ። ትንሽ ጠርሙስ ናት። ፈሳሹ ውስጥ ነጣ ያለች ክር ቆማለች፣ ከጥፍሬ አትረዝምም። ክር አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን የበላ ሥራዬ ነው። እንደዚያች ያለች ክር ግን ይዤ አላውቅም። ደረጃውን ስወርድ ጠርሙሷ እጄ ላይ የምትሞቅ፣ የምትሞቅ እየመሰለኝ… ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ሐኪም አለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ። "ውጤቱ መቼ ይደርሳል?" አልኩት። "እሱ ሲናገር" አለኝ። "ሥጋን ካጣደፉት ይዋሻል።"

— መጠበቁ ነው የገደለኝ። … ቆይ፣ ይሄንን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንተ ብቻ ነው። ከጎናችን አልጋ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። የሐሞት ጠጠር አሟቸው ነው። ዝምተኛ፣ ጨዋ ሴትዮ። ረቡዕ ከሰዓት እማዬ ወደ እሳቸው ዞረችና፣ "መምህርት፣ ከልጅዎ ስልክ አለ፤ ላገናኝ?" አለቻቸው። የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ። ልጃቸው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። … ማንም አልነገራትም! እኔ ራሴ አላውቅም ነበር እኮ! … ሚጢጢዋ "ሲያለቅሱ ሰምታቸው ይሆናል" አለች። ይሆናል።

— ምን አደረጉ መሰለህ? ክፍል ቀይሩልኝ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ተነሱ፣ ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁ፣ መጥተው እማዬ አልጋ ላይ ተቀመጡ። "እሺ፣ ያገናኙኝ" አሉ። የእማዬን የተጨበጠ እጅ ይዘው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። አሥር ደቂቃ ያህል አወሩ። … ምን እንዳሉ አልነግርህም፣ የእሳቸው ነው። ሲያበቁ እማዬ "ጨርሰዋል?" አለች። "ጨርሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። በማግስቱ ጠዋት ተሽሏቸው ወጡ። ሲሰናበቱ ግንባሯን ስመዋት ነው የሄዱት።

— ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ሐሙስ ማለት ነው። አሥር ሰዓት ገደማ፣ የመስኮቱ ፀሐይ አልጋው ላይ ደርሶ ነበር። ዞር ብላ "ለአንቺ ነው" አለችኝ። "ማነው?" አልኩ፣ ሳላስበው። "ስሙን አይናገርም። ይተነፍሳል ብቻ" አለችኝ። የጨበጠችውን እጇን ዘረጋችልኝ። … አልተቀበልኩም። እንዴት ልቀበል? "ቁጥሩ ተሳስቷል በይው" አልኳት። ትንሽ አዳመጠች። "አይዘጋም" አለች። "እሺ፣ ይጠብቃል።" እና ፀሐዩ እስኪወርድ ድረስ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ሌላውን ሁሉ ትነቅል የነበረችው ሴትዮ፣ ያንን አንዱን ብቻ አልነቀለችውም።

— ሄሎ? … ጋሼ? … ምነው ዝም አልክ? … ሐሙስ፣ አዎ። አሥር ሰዓት ገደማ። ለምን? … ምን? … ቀስ በል፣ አልሰማሁም። የምን መገልበጥ? … አንተ? መኪናው ተገልብጦ? … መቼ? … … ሐሙስ። … ገደል ውስጥ። … ስንት ሰዓት ተጣብቀህ? … እስኪመሽ። … መጮህ አልቻልክም። … ትንፋሽ ብቻ…

— … አይ፣ ምንም። ምንም አላልኩም። … አላለቀስኩም፣ ኮሪደሩ ይነፍሳል። … እግርህ ብቻ ነው? እውነቱን ንገረኝ፣ እግርህ ብቻ? … በብረት አስረውታል። … የነርሷ ስልክ ነው ይሄ? እግዜር ይስጣት በላት፤ ስመጣ ቀሚስ እሰፋላታለሁ በላት። … እኔ እዚህ ሆኜ "ተሳስቷል በይው" ስል… ተወው። ተወው ጋሼ። ሐኪሟ ጉበት ነው ብላለች። ጉበት ነው።

— (አመሰግናለሁ እህቴ፣ ወንበር አልፈልግም፣ ደህና ነኝ።)

— ውጤቱ? አዎ፣ እሱን ልንገርህ እንጂ። ዓርብ ጠዋት ሽማግሌው ራሱ አስጠራኝ። "ካንሰር መሆኑን መጀመሪያ ቀን አውቄያለሁ። የማን ዘር መሆኑን ነው ያጣሁት" አለኝ። በተለያየ ማቅለሚያ ደጋግሞ ነክሮታል። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ "ነይ እዪ" አለኝ። … አዎ፣ እኔን! "ልብስ ሰፊ ዓይን አላት" ብሎ። … ምን አየሁ? አዝራር። አንድ ጆንያ ሰማያዊ አዝራር የተደፋ ነው የሚመስለው። ሁሉም ክብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ተጠጋግተው፣ ተጠጋግተው… አፍጥጠው የሚያዩኝ መሰለኝ። ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥቂት ሮዝ፣ ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ የተገፉ። "ሮዞቹ የጉበት ሴሎች ናቸው፣ የቤቱ ባለቤቶች። ሰማያዊዎቹ ግን የጉበት ዘር አይደሉም። ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ሰውነትን ሊጠብቁ የተቀጠሩ ዘበኞች። አብደው ቤቱን ወረሱት" አለኝ።

— ሊምፎማ ይባላል። … ሊም-ፎ-ማ። አብዛኛውን ጊዜ አንገት ሥር፣ ብብት ሥር ባሉ ዕጢዎች ነው የሚነሳው አሉ። እሷ ጋ ግን የትም የለም። በሲቲ ስካን መላ አካሏን አዩ፣ መቅኒዋንም ቀዱ፤ ባዶ። ጉበቷ ውስጥ ብቻ። ሽማግሌው በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ሲያይ ሦስተኛው ነው። "እዚህ ብቻ የሚያድር እንግዳ ብርቅ ነው፤ ሌላውን ሐኪም አትውቀሱት" አለኝ።

— ልዩነቱማ ጋሼ… የተባለችው ካንሰር ብትሆን ኖሮ፣ እዚህ ከደረሰች ወዲያ "ቤት ውሰዷት" ነው። ይሄኛው መድኃኒት ይሰማል። … ይሰማል እኮ ነው የምልህ! … አይ፣ ትድናለች አላሉም። "የሚድኑ አሉ፣ የማይድኑም አሉ። ዝም ከተባለ ግን የሚተርፍ የለም" ነው ያለችው ሚጢጢዋ። … አይ፣ እንደሱ አትበል። አንተ ምን ታደርግ? የነገሩህን ነው የያዝከው። አንተም ለእሷ ብለህ ነው። በቃ።

— ዓርብ ዕለቱን እብጠቱን ቀድሞ የሚያስታግስ መርፌ ጀመሩላት። እሁድ ጠዋት እጇ ቆመ። … ብርድ ልብሱ ላይ ጋደም አለ። ክፍሉ ጭር አለ። ድምፅዋን ለምጄው ኖሮ ጸጥታው ነው ያባነነኝ፤ ሞተች ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። "ጸጉርሽን ምን አድርገሽው ነው? ማበጠሪያ ጠፋ?" አለችኝ። … ሳቅ፣ ሳቅ! እኔ ግን ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት። … የምታስታውሰው የለም። ስለ ማዞሪያው ብጠይቃት "እኔ ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ!" ብላ ተቆጣች። አንድ ነገር ብቻ፣ አንተን፣ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ "ማሙሽ ደህና ነው?" … ሦስት ጊዜ። እኔ ምን አውቄ? ደህና ነው አልኳት።

— አዎ፣ ነገርናት። ስሙንም ጭምር። … "አትንገሪያት" ማለትህን አልረሳሁም። እሷ ግን "በሽታውን የምሸከመው እኔ፣ ስሙን የምታውቁት እናንተ?" አለች። ሚጢጢዋ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሁሉን አስረዳቻት። መድኃኒቱ ራሱ፣ ጉበቷ እንዲህ ደክሞ፣ ይዟት ሊሄድ እንደሚችል። ከጀመረች በኋላ ተኝታ አልቀሰቀስ ካለች አደጋ እንደሆነ። እማዬ ሰምታ ሰምታ፣ "እሺ፣ ጀምሩት" አለች። … ዛሬ ነው ጋሼ። አሁን። እያዘጋጁ ነው።

— (መጣሁ ሲስተር፣ መጣሁ!) … አትዝጋ፣ እየገባሁ ነው። … እማዬ፣ ማን እንደደወለ ገምቺ። … ማሙሽ! … አዎ፣ ራሱ ነው። … ቆይ እኔ ልያዝልሽ፣ ያንን እጅሽን አታንቀሳቅሺ፣ መርፌ አለበት። … በል አናግራት ጋሼ። ስለዚያኛው ነገር ግን… ምንም አልነገርኳትም።

— (ጮክ በይ እማዬ፣ ሩቅ ነው ያለው።) … … (አታልቅሺ እንጂ።) … … (በቃ? እሺ።)

— ሄሎ? … ምን አለችህ? … "የቱ እግርህ ነው?" … ነግረሃት ነው? … ሳትነግራት? … እኔ ውጭ ነበርኩ፣ በሩም ዝግ ነበር… … ሰምታኝ ይሆናል ጋሼ። ጆሮዋ ድሮም ቀጭን ነው። … እሺ። አንተም ምንም አትበል፣ እኔም ምንም አልልም።

— ሰቀሉት። ቀይ ነው መድኃኒቱ። … አዎ፣ ቀይ፤ ለጉበቷ ሲሉ ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጧት። … አትዝጋ፣ አብረን እንጠብቅ። … በቱቦው እየወረደ ነው… ክርኗ ጋ ደረሰ… ገባ። … ጣሪያውን እያየች ነው። … ዓይኗን ጨፈነች። … አላውቅም፣ ዝም ብላ ጨፈነች። ከእሁድ ወዲህም ደህና እንቅልፍ አልተኛችም… (ሲስተር፣ ይሄ እንቅልፍ ነው?) … ቀስቅሺያት አለችኝ። … እማዬ? … እማዬ! … አትመልስም ጋሼ። … ትከሻዋን እየነቀነቅኋት ነው… እማዬ ስሚኝ! እማ! … እማዬ!

— … …

— ጋሼ! … ሰደበችኝ! … ሰደበችኝ ጋሼ! "አንቺ ገልቱ፣ ሰው ሲተኛ ዝም አይባልም?" አለችኝ! … እየሳቅሁ ነው፣ አዎ፣ ሲስተሯም እየሳቀች ነው። … ፊቷን አዙራ ተኛች። … ታንኮራፋለች። ስማ፣ ስልኩን ላስጠጋልህ… … ሰማህ? … እሷ ናት! ራሷ ናት እኮ! … በል፣ የነርሷን ስልክ መልስላት። ነገ በዚሁ ሰዓት ደውል። እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ… እሺ… እሺ ጋሼዬ… ቻው።